ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ17

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ክው አልኩ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ወሬ መርዶ ነው። በዳበሳ ፈልጌ ከፈትኩት። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ17 ላይ አለቃችን ጽፈዋል፦ «ገና ሥራ ላይ ነኝ። ስኬት እንቅልፍ አያውቅም።» ከጎኑ የተወጠረ ጡንቻ ለጥፈውበታል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። በ9 ሰዓት ከ18 አንዱ «አንበሳ!» ብሎ መለሰ። በ9 ሰዓት ከ20 ሦስት ሰዎች አጨበጨቡ። ለካ ተኝቼ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አፈርኩ።

ስለዚህ ዛሬ ለማይተኙት ክብር ልሰጥ ነው። ይገባቸዋል። ድሮ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይል ነበር። ዛሬ የተከበረ ሰው መልሱ ሌላ ነው። «ኧረ የት አድሬ! ሁለት ሰዓት ብተኛ ነው።» አጠገቡ ያለው ደግሞ «አንተስ ሁለት አገኘህ» ይለዋል። እንደ ጨረታ ነው፤ ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እኔ አንዴ ተሳስቼ «ስምንት ሰዓት ተኛሁ» አልኩ። አሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አለቃችን ልበል እንጂ እናንተም ቢሮ አንድ አሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ ይጠራሉ። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛ «እያሰቡ ነው» እንላለን። ጥቂት ቆይቶ አንገታቸው እጥፍ ይላል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ «ተስማምተዋል» ብላ ትጽፋለች። ምን ታድርግ! ባለፈው ወር አዲስ ፕሪንተር እንዲገዛ ተስማሙ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፕሪንተሩ እንዳይገዛ ተስማሙ። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ ሲያስነጥስ ደግሞ ብንን አሉና «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በጽሑፍ አቅርበው» አሉት። የማስነጠሱ ጉዳይ እስካሁን በእንጥልጥል ነው።

ሌላ ቀን ስልካቸው ጠፋባቸው። ጠረጴዛ ሥር ገብተው በስልካቸው መብራት ፈለጉት። እኛም አብረን ፈለግን፤ አለቃ ናቸዋ። ቡናቸው ውስጥ ጨው ጨምረው ጭልጥ አድርገው ጠጡ። (አያቴም ቡና በጨው ነበር የምትጠጣው። እሷ ግን ከዶሮዎቿ ጋር ነበር የምትሰፍረው።) ከዚያ የጨረታ ሰነዱ መጣ። ዋጋ ሲሞሉ አንድ ዜሮ ረሱ። 4,500,000 ብር 450,000 ሆነ። ጨረታውን አሸነፍን። እንደዚያ ቀን አዝነን አናውቅም።

በፊት ዝም ይሉ የነበሩ ሰውዬ አሁን በስቴፕለር ምክንያት ይጣላሉ። ለዚህም አድናቆት አለኝ፤ ሳይንስ ይደግፋቸዋል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሳይተኙ ላደሩ ወጣቶች የሚረብሹ ምስሎችን አሳዩ። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል የስሜት ክፍል ተኝተው ካደሩት ሰዎች ይልቅ በ60 በመቶ ያህል አብዝቶ ጋለባቸው። ስለዚህ ጸሐፊያችን ሲጮኹባት አትዘን። የተቆጣት አለቃዋ አይደሉም፣ አሚግዳላቸው ነው።

የእነዚህ ጀግኖች ሁሉ አውራ ራንዲ ጋርድነር የሚባል የ17 ዓመት ተማሪ ነው። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለ። 264 ሰዓት ቆየ። 11 ቀን መሆኑ ነው። ዊሊያም ዴመንት የተባለ የእንቅልፍ ተመራማሪ አጠገቡ ሆኖ ተከታትሎታል። በመጨረሻው ቀን «ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ውረድ» አሉት። 65 ላይ ሲደርስ ዝም አለ። «ምነው ቆምክ?» ቢሉት፣ ምን እየሠራ እንደነበር ረስቶታል። የእኛ ሰውዬ ግን የረሱት አንድ ዜሮ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ልጁ ሲጨርስ ተኛ። የጊነስ መዝገብም ነገሩ ለጤና አደገኛ ነው ብሎ ይህን ውድድር መመዝገብ ትቷል። እኛ ቀጥለናል።

አለቃችን «እኔ ለምጄዋለሁ» ይላሉ። እዚህ ላይ ኮፍያዬን አውልቄ እጅ እነሳለሁ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 48 ጤነኛ ሰዎችን ወሰዱ። ከፊሉን ለሁለት ሳምንት በቀን አራት ሰዓት፣ ከፊሉን ስድስት፣ ከፊሉን ስምንት ሰዓት አስተኟቸው። ስድስትና ከዚያ በታች የተኙት ትኩረታቸው በየቀኑ እየወረደ ሄደ። በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ተሳሳቱ። ሲጠየቁ ግን ብዙም ለውጥ አልታያቸውም። «ደህና ነኝ» ነው ነገሩ። እንቅልፍ ሲጎድል ቀድሞ የሚተኛው ዳኛው ነው። ለዚህ ነው ከአለቃችን ጋር መከራከር የማይቻለው። ዳኛቸው ተኝቷል፣ እሳቸው ቁጭ ብለዋል።

ሌላም ጥናት አለ፤ አውስትራሊያ፣ 1997 (እ.ኤ.አ.)። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ። በብዙ አገሮች ሹፌር የሚከሰሰው በዚህ ልክ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ምሽት 5 ሰዓት ላይ እዚያ ይደርሳል። እስቲ አለቃችን በ9 ሰዓት ከ17 «ገና እየጠጣሁ ነው» ብለው ቢጽፉልን? ማን ነበር «አንበሳ!» የሚላቸው?

አንበሳ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስመጣ ነው። ረዳቱ «ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጎኑን አላሳረፈም» እያለ በሹፌሩ ይኩራራል። የሹፌሩ ጉንጭ በጫት ተወጥሯል። ዓይኑ ቀልቷል። ከፊት የተቀመጡት «አንበሳ ነህ!» ይሉታል። ከኋላ አንዲት እናት ጸሎት ይዘዋል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ገደሉ አዘነበለ። እናትዬዋ ጮኹ፣ እሱ ነቃ። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር እኮ! አንጎል ለጥቂት ሰከንድ እንደዚያ ይጠፋል፣ ባለቤቱም አይሰማውም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። ጣርማ በር ላይ 50 ሜትር ከየት ይመጣል?

ይሄ ምኑ ነው ጀግንነት? ሹፌሩን ሳያሳርፍ «ዛሬም ደርሰህ ተመለስ» ብሎ የሚልክ ባለመኪና ነፍሰ ገዳይ ነው። «አንበሳ» እያልን ያጨበጨብነውም ተባባሪዎች ነን። እኔም አፌን ዘግቼ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወድደው ሳይሆን ተገድደው የማይተኙም አሉ። ዲዩቲ ላይ ቆሞ የሚያነጋ ሬዚደንት ሐኪም፣ አራስ እናት፣ ዓረብ አገር የሰው ቤት ሌሊት እየተቀሰቀሰች የምትሠራ እህታችን። እነዚህ ጡንቻ አይለጥፉም። አንድ ሰዓት ቢያገኙ ይተኙባታል።

ለማንኛውም ትናንት ጠዋት ስብሰባ ነበረን። አለቃችን እንደተለመደው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ዓይናቸው ከደን ከደን ማለት ጀመረ። እጄን አወጣሁ። «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በግሩፑ መልእክት መላክ ይከልከል» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁላችንም አንገታቸውን እያየን ጠበቅን።

እጥፍ አለ።

ልጅቱ ጻፈች፦ «ተስማምተዋል።»