ቅንጦቱ የትኛው ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የተጋበዙ ሐኪም ስለ ስኳር ሕመም የዘረመል ምርመራ ሲጠየቁ፣ «እሱ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ገና ኢንሱሊን እንኳን አላዳረስንም» ብለው ነገሩን ዘጉት። አዘጋጁም ተስማምቶ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ከዚህ የባሰ የተገለበጠ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ኢንሱሊን ካጠረን፣ መርፌው የማያስፈልገውን ሰው ለይቶ የማወቅ ግዴታ ከማንም በላይ የእኛ ነው።

ስድስት ወር ሳይሞላው ስኳር የተገኘበትን ሕፃን እንውሰድ። በዚህ ዕድሜ የሚጀምር ስኳር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የአንድ ዘረመል መዛባት ነው። ኬሲኤንጄ11 የሚባለው ሲዛባ ቆሽት ኢንሱሊን እያመረተ መልቀቅ ያቅተዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በታተመ ጥናት፣ ይኸው ችግር ካለባቸው 49 ታካሚዎች 44ቱ ኢንሱሊን አቁመው ወደ ክኒን ዞረዋል፤ ስኳራቸውም መርፌ ላይ ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ተስተካክሏል። ክኒኑ ደግሞ የእነ ግሊበንክላማይድ ወገን ነው፤ ወላጆቻችን ለዓመታት ሲውጡት የኖሩት፣ ርካሽ፣ ማቀዝቀዣ የማይሻ።

አሁን መብራት በሌለበት ቀበሌ ያለችውን እናት አስቡ። ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ ታስቀምጣለች፤ የሕፃን ገላ በየቀኑ ደጋግማ ትወጋለች፤ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ይሆን እያለች ትንፋሹን ስታዳምጥ ታነጋለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ከተማ ድረስ ትሄዳለች፤ እዚያም «የለም» ትባል ይሆናል። ምርመራው በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ መርፌው የዕድሜ ልክ። በክኒን ማደግ የሚችልን ልጅ ሳይመረምሩ በመርፌ ማሳደግ ነው ቅንጦት፤ ያውም በድሃ እናት ትከሻ!

እንዲህ ያሉ ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ አልክድም። «አንደኛው ዓይነት ስኳር» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ወጣቶችስ? እ.ኤ.አ. በ2025 ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት፣ ከእነዚህ መካከል በ65 በመቶዎቹ ደም ውስጥ የበሽታው መለያ የሆኑት፣ ሰውነት የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚታዩት ፀረ እንግዳ አካላት እንዳልተገኙ አሳይቷል። ጎንደርና ጅማ የሠሩ ሐኪሞችም የገጠሩ ወጣት ስኳር ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እንደማይገጥም ከጻፉ ቆይተዋል። በግምት ማከምን ቁጠባ ያለው ማን ነው?

የገንዘብ ነገር ከተነሳ፣ የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ስኳር የተገኘባቸውን ሕፃናት ከየአገሩ የሚላክለትን ናሙና ያለ ክፍያ ሲመረምር ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ለአድማጩ ይህን ቢነግሩት፣ ሬዲዮ የሰማች አንዲት እናት በማግስቱ ልጇን አዝላ ሄዳ መጠየቅ በቻለች ነበር።