ለቡና ላይ የልብ ሐኪሞቻችን የቀረበ ምስጋና

ደሴ የልብ ሐኪም አጥታ አታውቅም። ጀበና በተጣደበት ቤት ሁሉ ቢያንስ አራት አሉ። ዶክተሩ ደረት አዳምጦ፣ ደም አስመርምሮ የጻፈውን እነዚህ አቦሉ ሳይቀዳ ያርሙታል። ቶናው ላይ የጎረቤት ኪኒን ከመቀነት ተፈቶ ይወጣል። በረካው ሲደርስ በሽተኛው «አብሽር!» ተብሎ ድኗል። ይህን ትጋት ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ቀዳሚው ምስጋና የሽንቱን ኪኒን፣ ፉሮሴማይድን፣ ወደ ማታ ላዛወረው ጉባኤ ይድረስ። ዶክተሩ «ጠዋት 2 ሰዓት፤ ሁለተኛ ካለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ» ብሎ ነበር። የዋህ! ጠዋት ሰኞ ገበያ አለ፤ እዚያ ግርግር ውስጥ ሽንት የት ይሸናል? ስለዚህ ከእራት በኋላ ይዋጥ ተባለ። ኪኒኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ያህልም ሳይተኛ ይሠራል። በሽተኛውም አይተኛም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጓሮ፣ 6 ሰዓት ጓሮ፣ 7 ተኩል ጓሮ፣ ያውም በጦሳ ተራራ ብርድ። ከአልጋ ዘሎ ሲነሳ ግፊቱ ወርዶ ዓይኑ ይጨልምና ደረጃው ላይ ይወድቃል። በማግስቱ ቡና ላይ «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላል። የገበያ ቀን ኪኒኑን ሁለት ሦስት ሰዓት አዘግይቶ ከገበያ መልስ መዋጥ እንደሚቻል፣ ሲነሱም አልጋው ጠርዝ ላይ 2 ደቂቃ ቁጭ ማለት እንደሚጠቅም የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው፤ እሱን ግን ማን ቡና ጠራው?

ሁለተኛው ሳል ነው። የደም ግፊቱን ኪኒን፣ ኢናላፕሪልን፣ ከሚወስዱት መካከል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ይይዘዋል። መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባለውንም ንጥረ ነገር የሚሰብር ስለሆነ፣ ያልተሰበረው ተጠራቅሞ የአየር ቧንቧን ይኮረኩራል። ጉባኤው መጀመሪያ ዝንጅብል አዘዘ፤ ቀጥሎ ማር፤ ቀጥሎ ከልጁ የተረፈ አሞክሳሲሊን። ሳሉ አንዱንም አልሰማም። ዶክተሩ ጋ ቢኬድ ሎሳርታንን በመሰለ ይቀይረዋል፣ ሳሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ግን ለአንዲት ሳል ሆስፒታል ድረስ? «ሁሉንም ተወው!» ተብሎ ተወሰነ፣ በጅምላ፣ አቴኖሎሉም ጭምር። አቴኖሎል የልብ ፍሬን ነው። ሐኪም ሲያስቆመው እንኳ በ1 ወይም 2 ሳምንት ቀስ እያለ ይቀንሰዋል፤ በአንድ ጀምበር ሲለቀቅ ልብ ይጋልባል፣ ደረት ይጨመደዳል፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰውንም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊመታው ይችላል። (በኢናላፕሪል ከንፈርና ምላስ ያበጠ ዕለት ጉባኤው ያለ ወትሮው ዝም ይላል። ያን ዕለት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።)

በሌላው የግፊት ኪኒን፣ በአምሎዲፒን፣ ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ «ኩላሊቱ ሄደ» ያሉትንም አንረሳም፤ ለለቅሶ ቀድመው የሚዘጋጁ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

ጉባኤው ለሁለት የተከፈለው በደም ማቅጠኛው፣ በዋርፋሪን፣ ነው። አንዱ ወገን «ጎመን ደም ነው፣ ብላ» ይላል፤ ሌላው ጎመን በቤቱ እንዳይሸት ያግዳል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የደም ማቅጠኛውን ሥራ ያዳክማል፤ ጉዳቱ ግን ጎመኑ ሳይሆን መጠኑ በድንገት መለዋወጡ ነው። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ይሆናል፣ ደም ይረጋል፤ ሲፈታ ሥጋ ብቻ ይሆናል፣ ድድ ይደማል። የብዙ ሰው አይ.ኤን.አር. (ደም ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው እንደ ሐረጎ መንገድ ይጠማዘዛል። በዚህ ላይ ጉልበት ያመማል፤ ጎረቤት ዲክሎፌናክ ትሰጣለች። ዋርፋሪንና ዲክሎፌናክ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ሆድ ይደማና ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። እሷ ግን የሰጠችው ከልቧ ነው።

የትናንቱን ረስተው ዛሬ ሁለት የሚውጡትንም እናመስግን፤ ዕዳ ማሳደር አይወዱም። ዋርፋሪን የዚያው ዕለት ከታወሰ ይዋጣል፣ ካደረ ይቀራል፤ አይደረብም። ለኪኒን ግን ዕዳ መሰረዝን ማን ያስተምራቸው?

የጉባኤው ድንቅ ሥራ የሚታየው በቀጠሮ ቀን ነው። በሽተኛው ወር ሙሉ ሲያሻው እየዋጠ ሲያሻው እየተወ ከርሞ፣ ያን ጠዋትም ሳይውጥ ይሄዳል። ግፊቱ 180 በ110። ባዶውን የኪኒን ልጣጭ ይዞ ስላልመጣ ዶክተሩ ተዋጠ ብሎ ያምናል፤ መጠኑን ይጨምራል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ደግሞ ወረቀቱን አንብባ ሁሉንም በሰዓቱ ታስውጠዋለች። በሦስተኛው ቀን አባት ከመደቡ ሲነሱ ግፊታቸው 85 በ50 ሆኖ በር ላይ ይወድቃሉ።

«አላልንም? ኪኒኑ ነው የጣላቸው!» ይላል ጉባኤው። ወዲያው ከሰል ይቆሰቆሳል፣ ጀበናው ይጣዳል።