ስትሸሽ ነው የወደቀችው

ባል ሚስቱን ሲደበድብ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን። ሽማግሌ ሳሎን ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል። የተደበደበችው ራሷ ናት የምታፈላው። «ቻይው እንጂ፣ ልጆችሽን አስቢ» ትባላለች። ይሄ አልበቃ ሲል አንዱ ቅዱሳንን ይጠራል፤ «እነሱስ ስንቱን ችለው አይደል ለክብር የበቁት?» እኔን የሚያበግነኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

በእኛ ስንክሳር ስለማትገኝ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። የምሥራቅ ሮማ ሰው ናት። ስሟ ማርያም ነው፤ ግሪኮቹ ከቀደሙት ማርያሞች ሊለዩዋት «አዲሲቷ» ይሏታል። ትውልዷ ከአርመን ነው። ኒኪፎሮስ የሚባል ወታደር አገባች። እሱ ተሾመና ቢዚ ወደምትባል ከተማ ሄዱ፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ቪዜ የምትባለው ናት። 4 ወንዶች ልጆች ወለደች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ኦሬስቴስና ባርዳን፣ በልጅነታቸው ሞቱባት። መንታዎቹ አደጉላት።

የማርያም ጽድቅ የጓዳ ጽድቅ ነው። በረሃ አልወረደችም፣ አልመነኮሰችም። ቤቷን ታስተዳድራለች፣ ትጸልያለች፣ ያላትን ለድሃ ትሰጣለች። ግብር መክፈል አቅቷቸው የታሰሩ ሰዎችን ከራሷ ከፍላ አስፈትታለች።

መዘዙም ከዚሁ መጣ። የባሏ ወንድምና እኅት «ንብረትህን እየበተነችብህ ነው፤ ደግሞም ከባሪያህ ጋር ትማግጣለች» አሉት። ኒኪፎሮስ ገረዷን አስገርፎ መረመራት። ገረዲቱ እመቤቴ ንጹሕ ናት ብላ ድርቅ አለች። እሱ ግን የዘመዶቹን ወሬ መረጠ። ቤቱን ከማስተዳደር ከለከላት። የቅበላ ሰሞን ዘመድ ተሰብስቦ ሲበላና ሲጠጣ ነገሩ እንደገና ተነሣ። ባል ከማዕድ ተነሥቶ ወደ መኝታዋ ገባ፤ ጸጉሯን ይዞ ደበደባት። ልታመልጥ ስትሮጥ ወድቃ ጭንቅላቷ ተመታ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 903 ገደማ ነው።

ልብ በሉ፣ ስትሸሽ ነው የወደቀችው። ቁጭ ብላ አልቻለችውም። ገድሏን ለ«ቻይው» ማስረጃ የሚያደርግ ሰው እዚህ ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚል እንጃ።

ከሞተች በኋላ በመቃብሯ ላይ ተአምር ይታይ ጀመር፤ በሽተኛው ይጎርፋል፣ ይድናል። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ግን ወሬውን ሲሰማ ተጠራጠረ። ሰማዕታትና መነኮሳት ተአምር ቢያደርጉ አይገርመውም፤ በትዳር የኖረች ሴት ግን እንዴት አድርጋ? እኔ ገድሏን የምወደው ይህንን ጥርጣሬ ሳይደብቅ ስላስቀመጠው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የጠየቀውን እኛም ሆዳችን ውስጥ ይዘነው ነው የምንዞረው። የእኛዋ ክርስቶስ ሠምራ 11 ልጆች ወልዳለች። ስንዘክራት ግን ልባችን የሚሄደው ወደ ምነናዋ ነው፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በጣና ውሃ ውስጥ ቆማ ወደጸለየችው። 11 ልጅ ስታሳድግ የኖረችበትን ዘመን የሚሰብክ እስኪ ስንት ሰው ነው? ምነናውን ማቃለሌ አይደለም። ግን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽሩ ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጅ አዝላ የምትቆመው እናት የራሷን ኑሮ የሚመስል ገድል ብትሰማ ምን አለበት?

ኒኪፎሮስ ኋላ በስሟ ቤተ ክርስቲያን አሠራላት። ጸጸት ይሁን ፍርሃት እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሥዕሏ የተሣለው ግን ራይደስቶስ በሚባል ሌላ ከተማ ነው፤ አንድ ባሕታዊ ሠዓሊ በሕልሙ እንዳያት ሣላት ይላል ገድሏ። ማርያም አለች፣ የሞቱባት ሁለት ልጆቿ አሉ፣ ገረዷ አጋቲም አለች። ባልየው የለም።