አገሩ ቁጭ አላሰኝ ይል ነበር

የጎንደር ወገኖች፣ ከደምቢያ፣ ከወገራና ከአርማጭሆ ወጥታችሁ ከተማ የገባችሁም፣ እዚያው ቀዬአችሁ ያላችሁም፣ ይህን ስሙ።

አያቶቻችን ስፖርት የሚባል ነገር ሳያውቁ ጉልበታቸው የጸናው አገሩ ቁጭ አላሰኝ ስላላቸው ነው። ሂሳቡን እዩት። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው። ከፈር እስከ ፈር ሩብ ሜትር ቢሆን አራሹ ያን ማሳ አንዴ ለመጨረስ ከበሬዎቹ ኋላ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ያውም እርፉን ተጭኖ፣ ጓል እየረገጠ። የጤፍ ማሳ ደግሞ አንዴ ታርሶ አይዘራም፤ ሦስቴ፣ አራቴ፣ አንዳንዱ አምስቴ ይታረሳል። እኛ ከተማ ገብተን ያን ሁሉ መንገድ ስንተው የአራሹን ገበታ ግን አልተውንም። ደም ግፊትና ስኳር ቤታችን ከገባ በኋላ «ከየት መጣ?» እያልን የምንደነቀው ስለ ምንድን ነው?

ከፒያሳ እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሰው በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ለዚህች መንገድ ባጃጅ ቆማችሁ አትጠብቁ። ባለ ሥራ ሰው በእግሩ ሲሄድ አይታችሁ «ምነው ቸገረው?» የምትሉም አፋችሁን ሰብስቡ፤ ስንቱን ከመንገድ የመለሰው ይህ ንግግራችሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ ቅዳሜ ተነሥቶ የጎሃን ተራራ ልውጣ አይበል። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን በቀን 10 ደቂቃ ሂዱ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ፤ በአምስተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይሞላል፣ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ። ልኩን በትንፋሻችሁ ታውቁታላችሁ፦ እየሄዳችሁ ማውራት የምትችሉ፣ ማዜም ግን የሚያቅታችሁ ከሆነ ደርሳችኋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና ዳገቱ ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ጉልበት ይበልጥ የሚጎዳው ሲወርዱ ነው፤ ቁልቁለቱን አትንደርደሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ አግድም አግድም ውረዱ። ደረት የሚጨቁን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማችሁ ቁሙ፤ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። በሳምንት ሁለት ቀን ለጡንቻ ስጡ፦ እጅ ሳትደገፉ ከዱካ ወይም ከበርጩማ 10 ጊዜ ተነሥታችሁ ተቀመጡ፣ አረፍ ብላችሁ ድገሙት።

«ገጠሬው ምን ጎደለው?» የምትሉም ተሳስታችኋል። የገጠር እንቅስቃሴ ወቅት አለው። በእርሻ፣ በአረም፣ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ማን ይቀመጣል? ውቂያው አልቆ መሬቱ እስኪርስ ግን ወንዱ ዛፍ ጥላና ጠላ ቤት ይውላል። በዚያው ወቅት ምንጩ ይነጥፍና የሴቷ መንገድ ይረዝማል። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ያን ተሸክማ በየቀኑ ዳገት መውጣቷን እንቅስቃሴ ብላችሁ አታሞግሱት፤ ወገብና አንገት የሚሰብር ጫና ነው። እናንት ወንዶች፣ ውሃውን ቅዱ፤ አህያ ያላችሁ ጫኑ። በሰው የሚሄደውን በባለ 10 ሊትር ጀሪካን ክፈሉት። ስታነሡም ወገባችሁን አቅንታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ዕቃውን ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ተነሡ።

ውሻችሁን አስከትቡ፣ ቀንም እሰሩት፤ ሽማግሌዎች ከደጅ የሚቀሩት እሱን ፈርተው ጭምር ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይድረስ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእግር መንገዱን እያረሳችሁ የምትገፉት ሰዎች ሥራ ነው። በየዓመቱ አንድ ፈር ብትጨምሩ በአራት ዓመት አንድ ሜትር መንገድ በላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በዘንግ የሚሄደው አዛውንት ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ይተዋል፣ ነፍሰ ጡሯም ጤና ጣቢያ መሄዱን ታዘገያለች። የደምቢያ መረሬ አፈር ክረምት ላይ እግር ይውጣል፤ መንገዱ ከማሳው ከፍ ካላለና በሁለቱም ጎኑ ቦይ ካልተቀደደለት ሐምሌና ነሐሴ ሰው ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። አፈሩ ደረቅ ሳለ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ በወንፈል ወጥታችሁ የተገፋውን መልሱ፣ ደልድሉት፣ ጠጠር አልብሱት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል።