ሞቶ የሚነሳ የቅሬ አባል

አሜሪካ አዲስ የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ እትም ረቡዕ ረቡዕ ይወጣል። ሃያ ምናምን ገጽ ነው፤ ዋጋው አራት አምስት ዶላር። ደሴ ላይ አንዱን እትም በአንድ ስልክ ስድስት ሰው ተደራርቦ ያነበዋል። ንባቡ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ሂሱ ግን ከአቦል ተነስቶ በረካ ድረስ ይዘልቃል።

የሰሞኑ እትም ሥዕሉ ያምራል። ክፉው ሰውዬ እንደ ልማዱ ዓለምን ከማጥፋቱ በፊት ዕቅዱን ዘርዝሮ ያስረዳል። መጨረሻው ገጽ ላይ ጀግናው ይሞታል። ልጆቹ እንባ እንባ አላቸው።

እኔን አላለኝም። ወሎ ውስጥ ሞት በቅሬ፣ ማለትም በእኛው ዕድር፣ ነው የሚታወቀው። ድንኳን ይተከላል፣ ድስት ይወጣል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል። እነዚህ የኮሚክ ሰዎች ግን ሞትን ቀልድ አድርገውታል። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ሞቶ በ1993 ተመለሰ። ካፒቴን አሜሪካ በ2007 ተገደለ፤ በሁለት ዓመቱ ከች አለ። ባትማንም ሞክሯታል። እስቲ የሰፈራችንን የቅሬ ጸሐፊ አስቡት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ለቀስተኛ ሸኝቶ፣ ድንኳኑን አጣጥፎ ሳይጨርስ ሟቹ በጦሳ ተራራ በኩል እየበረረ ቢመጣስ? «አብሽሩ፣ መጣሁ» ቢል ማን ይሰማዋል! መጀመሪያ የተከፈለውን ይመልስ።

በዋናው የኮሚክ ታሪክ ሞቶ በወጉ የቀረ ሰው ቢባል የስፓይደርማን አጎት ቤን ነው። በ1962 ሞተ፣ አለቀ። ነፍስ ይማር። ለቅሬ የሚሆን አባል እንዲህ ነው።

ማንነትን መደበቅ የሚሉት ነገርም አለ። ሱፐርማን ክላርክ ኬንት ተብሎ እንደ ተራ ሰው ሲኖር፣ መነጽር ስላደረገ ብቻ ከተማው ሙሉ አያውቀውም። ደሴ ይምጣና ይሞክራት! ሰኞ ገበያ ሳይደርስ አንዲት እናት ያስቆሙታል። «አንተ! የማርታ ልጅ አይደለህም እንዴ? ምነው ከሳህ? እናትህ ደህና ናት? ደግሞ በሸሚዝህ ሥር ያ ቀይ ጨርቅ ምንድን ነው? ለብርዱ ከሆነ ጋቢ ደርብ፣ ልጄ።»

ከሁሉም የማምነው የእኛውን ጀምበርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ኮሚክ ነው፤ በአማርኛም ይነበባል። ጀግናው አዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። መብረሩን እንጃ፣ ሥራ ፍለጋው ግን አንድም የተጋነነ ነገር የለውም።

ለሰሞኑ እትም ከአስር ስድስት ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ሟቹ ከተነሳ ሁለቱን ነጥብ ለድንኳኑ ኪራይ እቆርጣለሁ።