የባማኮ የገና ዋዜማ

የነጻነት ፎቶግራፍ አምጡ ቢባል አብዛኞቻችን ይዘን የምንቀርበው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ወይም መሪ ሲፈርም የተነሳውን ነው። እኔ ግን ማሊያዊው ማሊክ ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ1963 በገና ዋዜማ ባማኮ ውስጥ ያነሳውን አመጣለሁ። ሁለት ወጣቶች ይጨፍራሉ፤ ሌላ ነገር የለበትም።

ወንዱ ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ልጅቷ ቀሚስ ለብሳለች፤ እግሯ ግን ባዶ ነው። ግንባራቸው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ጥለዋል፤ ፊታቸው ፈገግ ብሏል፤ ፎቶ አንሺውን ከቁብ የቆጠረው የለም። እህትና ወንድም እንደሆኑ ይነገራል፤ እውነትም ወንድም እህቱን ጭፈራ ሲያለማምድ ይመስላል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባት ከተማ የገና ዋዜማ የሁሉም የጭፈራ ሰበብ መሆኑም ደስ ይላል።

ማሊ ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ፕሬዚዳንቷ ሞዲቦ ኬይታ አዲስ አበባ መጥተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ፤ በጥቅምት ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባማኮ ድረስ ሄደው ከኬይታ ጋር አልጄሪያንና ሞሮኮን አስማሙ። የታሪክ መጻሕፍት ያስቀሩልን ይህንን ነው። ያ ሁሉ ፊርማ ለማን እንደተፈረመ ያስቀረልን ግን ሲዲቤ ነው። ማታ ከአንዱ ጭፈራ ወደ ሌላው ሲዞር ያመሽና በባጋዳጂ ሰፈር ባለች ጠባብ ስቱዲዮው ፊልሙን ሌሊቱን ያጥባል፤ ትንንሾቹን ቅጂዎች ካርቶን ላይ ለጥፎ ሲያወጣ ወጣቶቹ መጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ።

«ሆድ ሳይሞላ ምን ጭፈራ?» የሚል አይጠፋም። ጭፈራ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ግን ገዢዎች ባልተጨነቁበት ነበር። በዚያችው ባማኮ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሚሊሺያዎች ወጣቱን በአለባበሱ ያሳድዱት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰሜን ማሊን የያዙት ታጣቂዎች ሙዚቃን ከለከሉ። በእኛም ዘንድ የደርግ ሰዓት እላፊ አዲስ አበባን ለዓመታት በጊዜ ቤቷ ያስገባት ነበር። መጨፈር የፈለገ ግን በር አስቆልፎ እዚያው ያነጋ ነበር፤ ሌሊቱን ሊያሳጥር የመጣ አዋጅ ጭፈራውን አስረዘመው።

ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ምስጋና የሚመጣብኝ ለዚህ ነው። ለነጻነት የታገሉትን ማመስገን ያባት ነው፤ እኔ ግን ያገኟትን ነጻነት ሳያባክኑ ለተጠቀሙባት ለእነዚህ ሁለቱም አመሰግናለሁ። የማሊ ኑሮ ሞልቶ አልነበረም፤ እነርሱም እስኪሞላ አልጠበቁም። ተስፋ የምቆርጥበት ምክንያት ያጣሁትም ከእነርሱ የተነሳ ነው።

ዛሬ በአገራችን በጸጥታ ችግር ሳይመሽ ሠርግ የሚበተንበት አካባቢ አለ። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሰላም ወረደ የሚል መግለጫ ሲወጣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሚዜዎቹ እኩለ ሌሊት ላይ እየጨፈሩ ወደ ቤታቸው መግባት ይችላሉ ወይ?