የብርቱካን ዓይን

ብርቱካን ዓይኗን የታመመችው በጥር ነው። በጥር የሜሪላንድ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኛም የቤቱን ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ለቀነው ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ነበር። የሷም መዘዝ ከዚያ እንደመጣ ያወቅነው በኋላ ነው።

ብርቱካን ጌኮ ናት። እንሽላሊት በሏት ከፈለጋችሁ። ልጄ ፊት ግን አትበሉ።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ውሻ ብሎ ለመነን፣ እምቢ አልን። ድመት አለ፣ ባለቤቴን ድመት ያስነጥሳታል። በመጨረሻ ጸጉር የሌለው፣ የማይጮህ፣ ሽርሽር ውሰዱኝ የማይል ነገር ፍለጋ ሄደን ሌፐርድ ጌኮ ይዘን ተመለስን። ዋጋዋ 60 ዶላር። ሻጩ ጎረምሳ «15 ዓመት ትኖራለች፣ 20ም የሚደፍኑ አሉ» ያለን ከከፈልን በኋላ ነው። የዘሯ አገር ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ነው አሉ፤ እንደኛው ስደተኛ ናት ማለት ነው። ቀለሟ ብርቱካናማ ስለሆነ ልጄ «ብርቱካን» አላት። ከሚያውቃት ጥቂት አማርኛ አንዷን መርጦ ስላወጣላት፣ እኔና እናቱ ኮራን።

በዚሁ መሃል እናቴ ልትጠይቀን ከደብረ ማርቆስ መጣች። የመስተዋት ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። አምፖሉን አየች። ምንጣፉን አየች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «እኛ በመጥረጊያ የምናባርረውን እናንተ ገዝታችሁ ታስገባላችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ማክሰኞ ማታ ነው ነገሩ የተጀመረው። የብርቱካን ቀኝ ዓይን አብጦ ተጨፍኗል። ጥግ ላይ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ልጄ ፌንጣ ለቀቀላት። ፌንጣው ከአፍንጫዋ ሥር ቀስ ብሎ አለፈ። ብርቱካን አነጣጠረች፣ ጭራዋን አወዛወዘች፣ ዘለለችና የውሃ ሣህኗን ነከሰች።

ልጄ አለቀሰ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች።

«ዓይን ነው» አለች።

«ዓይኗ መሆኑንማ እያየን ነው፣ እማዬ።»

«የሰው ዓይን ነው የምልህ! ማነው ሰሞኑን ገብቶ ‹ስታምር!› ያለ?»

ማንም አላለም። እስካሁን ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ያላት «ወይኔ ጉዴ!» ነው። ልጄ እንባውን እየጠረገ ማስረዳት ጀመረ። አብዛኞቹ ጌኮዎች የዓይን ቆብ የላቸውም፤ ዓይናቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው እየላሱ ነው። የኛዋ ግን ቆብ ካላቸው ወገን ናት። እናቴ በጥሞና ሰማችው። «እንዲህ ምላሳቸው የረዘመ ሰዎች እኛም ሰፈር አሉ» አለች፤ «ዓይናቸው ድረስ ግን አልደረሰላቸውም።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ወረንጦ አወጣች።

እዚህ ላይ ስለ እናቴና ስለ ወረንጦ ልንገራችሁ። እናቴ ልጅ ሆና አገሩን ትራኮማ ይዞት ነበር። የአያቴ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይፍቃት ነበር። እናቴ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ የአያቴን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ ትነቅልላት ነበር። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ 71 ዓመቷ ነው፣ አሁንም አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ወረንጦውን ስታወጣ ቀልድ አልነበረም። የኔ ጩኸትም ቀልድ አልነበረም። «እማዬ፣ ተይ! ዓይኗን ታፈሺዋለሽ!»

ወረንጦውን በኩርፊያ መለሰችው። «እንግዲያው ዳፍንት ነው» አለች። «ጉበት ስጧት።»

ሳቅን። ሳቃችንን ያዙልኝ።

ሐኪም ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀ። ውሻና ድመት የሚያይ ሞልቷል። ጌኮ የሚያይ ግን ኤግዞቲክ የሚሏቸውን እንስሳት የተማረ መሆን አለበት፤ ቀጠሮ ያገኘነው ለቅዳሜ ነው። እናቴ እስከዚያ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላለች የድሮ ጎረቤቷ ደውላ፣ «ምን ደህና አለ፣ ብርቱካን ዓይኗ ጠፍቶብን ቤቱ ሁሉ ተረብሿል» አለቻት። ዝርዝር ውስጥ አልገባችም።

ዓርብ ማታ በሩ ተንኳኳ። ሦስት እናቶች ነጠላቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል። አንደኛዋ ጠበል በጄሪካን ይዘዋል። ሁለቱ በየፊናቸው፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘዋል። ገብተው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ዋለች?» አሉ።

«ምግብ አልቀመሰችም» አለች እናቴ ከንፈሯን እየመጠጠች።

«ኧረ በሞትኩት! ስንት ቀኗ ነው?»

«ይኸው አራተኛ ቀኗ።»

ሌላዋ ወደኔ ዞሩ። «ከአገር ቤት የመጣች እህትህ ናት አይደል? የት ተኛች?»

ሳሎኑ ፀጥ አለ። ባለቤቴ ቡና ላፍላ ብላ ወደ ማድቤት ሸሸች። ልጄ ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ እንግዶቹን በክብር ወደ መስተዋቱ ወሰዳቸው። «ይህቺ ናት» አለ።

ጠበል የያዙት እናት ረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋት። ብርቱካንም በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። በመጨረሻ አማተቡና «እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ጄሪካኑን ከመስተዋቱ አጠገብ አንስተው ወደ እናቴ አጠገብ ወሰዱት። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ስለ ብርቱካን ማንም አላነሳም። ሲወጡ ግን አንዷ በሩ ላይ «እግዜር ይማርላችሁ» አሉ። ልማድ ሆኖባቸው ይመስለኛል። ያን ሁሉ ብርቱካን ሳምንቱን ሙሉ የበላነው እኛ ነን፤ ብርቱካን ብርቱካን አትበላም።

ቅዳሜ ሄድን። እናቴም ካልሄድኩ አለች። ሐኪሟ ወጣት ናት። ብርቱካንን በአንድ እጇ ይዛ ዓይኗን በሞቀ የጨው ውሃ አራሰችው። ጠብቃ ደግማ አራሰችው። ከዚያ በጣም ቀጭን ወረንጦ አነሳች።

እናቴ ምንም አላለችም። እኔን ብቻ አየችኝ።

ከቆቡ ሥር የወጣው የድሮ ቆዳ ነው። ጌኮ ቆዳዋን ገፍፋ ትጥላለች፤ ያንኑም መልሳ ትበላዋለች። አየሩ ሲደርቅ ግን ቆዳው በቅጡ አይላቀቅም፤ የጣቶቿ ጫፍና ዓይኗ ላይ ይቀራል። በኛ ማሞቂያ ደግሞ ምን እርጥበት አለ! ሐኪሟ አረንጓዴ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት ብሌኗን አየች። አልቆሰለም። «ቤት ወረንጦ እንዳትሞክሩ» አለች። እናቴን ይህን አላስተረጎምኩላትም። ቀጥላ እርጥብ ወረቀት ያለበት ትንሽ ሣጥን ቤቷ ውስጥ እንድናስገባላት ነገረችን። ይህንን ስተረጉም እናቴ፣ «ስቲም ልትገባ ነው በለኛ» አለች።

ቀጥሎ ሐኪሟ ስለ ምግቧ ጠየቀች። ፌንጣውን ከካልሲየም ዱቄት ጋር በከረጢት አንጓለን፣ ሽሮ የወደቀበት አስመስለን እንደምንሰጣት ነገርናት። «ቫይታሚን ኤ አለበት?» አለች። ልጄ የዱቄቱን ዕቃ አገላብጦ አነበበ። የለበትም። ጌኮ ቫይታሚን ኤ ሲያንሳት የዓይኗ ቆብ ያብጣል፣ ቆሻሻ ይጠራቀምበታል። ያለበት ዱቄት ይጨመርላት፣ ግን በልኩ፤ ሲበዛም ይመርዛል።

እናቴ ምን አለች፣ ምን አለች ብላ ጎተጎተችኝ። ቫይታሚን ኤ ምን እንደሆነ በአማርኛ እንዴት ላስረዳ? አገር ቤት በየ6 ወሩ ለሕፃናት አፍ ውስጥ የሚጨመቀው ነው አልኳት። ዳፍንት እንዳይዛቸው የሚሰጠው። ጉበት ውስጥ ያለው።

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። እናቴም ሰማችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች።

285 ዶላር ከፈልኩ። ለ60 ዶላር እንስሳ። የከፈልኩት የራሴ መነጽር አንድ እግሩ በፕላስተር ታስሮ ነው፤ ደረሰኙን ለማንበብም ክንዴን ዘርግቼ ማራቅ ነበረብኝ።

ጠብታው በቀን ሦስት ጊዜ ነው ተባለ። ጠቢዋ እናቴ ሆነች። ብርቱካንን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ታስደግፋታለች። በአውራ ጣቷ ቆቡን ሳብ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ። ብርቱካን ከኔ እጅ ትሸሻለች፣ ከሷ እጅ አትሸሽም። በስድስተኛው ቀን ዓይኗ ተከፈተና ፌንጣ ያዘች። እናቴ እልል አለች። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበብን።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንስቶ የተለጠፈበትን ጮክ ብሎ ያነብላታል። እዚህ አገር ሕመምተኛ ሁሉ የቤተሰብ ስም ያስፈልገዋል፤ ጌኮም ብትሆን። ለካ መዝገብ ላይ ያሉት የኔን የአባት ስም ሰጥተዋታል።

«ብርቱካን ተሰማ» አለ ልጄ።

እናቴ ጠብታውን አቆመች። ጠርሙሱን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጭኗ ላይ ያለችውን አየች።

«ነፍሱን ይማረውና» አለች፤ «ተሰማ ሌላ ልጅ እንዳለው ሳይነግረኝ ነው የሞተው።»